እርድ ለውጭ ገበያ፦ በርሜሉ ይቆይ፣ መሬት ላይ ማስጣቱ ይቅር

ጅማ አካባቢ እርድ ያለው ሰው ኤክስፖርት ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ማሽን ነው። እኔ ግን ብራችሁን በቅድሚያ ማድረቂያ አልጋ ላይ አውሉት ባይ ነኝ።

በሚያዝያ ወይም በግንቦት የተተከለ እርድ ለመድረስ ከ8 እስከ 9 ወር ይፈልጋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ቆፍሩት። በለጋው ከተነቀለ ሲደርቅ ይጨማደድና ሚዛን ላይ ያሳፍራችኋል። እናቱን (መሃል ያለውን ወፍራም ሥር) ከጣቱ (ከጎኑ ከሚወጡት ቀጫጭኖች) ለዩ፣ አፈሩን አጥባችሁ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ቀቅሉ።

ቅቀላው ላይ የድሮው ዘዴ ምንም አይወጣለትም። ግማሽ በርሜል፣ ንጹህ ውሃ፣ እንጨት፣ በቃ። (ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን አደራ!) ሶዳ ምናምን መጨመርም አያስፈልግም። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ አረፋ ይወጣል፣ ሽታው ግቢውን ያውዳል። ያኔ በስንጥር ውጉት፤ በቀላሉ ከገባ በስሏል። ካልበሰለ ደርቆ ይፈረካከሳል፣ ከበዛበት ደግሞ ቀለሙ ይደበዝዛል። እናቱ ወፍራም ስለሆነ ከጣቱ ጋር አብሮ አይቀቀልም። በእንፋሎት የሚቀቅለው ዘመናዊ መሣሪያ እኩል ያበስላል፣ ውሃም ይቆጥባል፤ ግን ለአንድ ገበሬ አያዋጣም፣ በማኅበር ከሆነ ይሁን።

ጉዱ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። አስፋልት ዳር ወይም ደጅ መሬት ላይ የተሰጣ እርድ አቧራውንም፣ የፍየል በጠጡንም፣ የመኪና ጭሱንም ይዞ ነው ጆንያ የሚገባው፣ ከሥሩ ያለው እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ይጠራል። ሻጋታ ካለ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ይከተላል። የአውሮፓ ኅብረት በእርድ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ካለፈ ጭነቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ሥሩ። ጅማ ላይ ይህን ማንም አያስተምረንም፣ ቡናችንን የምናደርቅበት ነው። ግን የቡናውን አልጋ ለእርድ እንዳትጠቀሙ፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ የእርድ ቀለምም ከሽቦው በቀላሉ አይለቅም። ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ በጣም ከሳሳ ቀለሙን ፀሐይ ይበላዋል። ማታ ማታ ሰብስባችሁ በሸራ ሸፍኑ። ከ10 እስከ 15 ቀን ውስጥ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ስትሰብሩት ቀጭ ብሎ ከጮኸ ደርሷል። ሰማዩ ከከዳችሁ ማሽን ማድረቂያ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱን ግን ከ60 ዲግሪ አታሳልፉ። ጥሬውን ከትፎ ማድረቅም ይቻላል፣ ይፈጥናል፤ ሆኖም ሙሉ ጣት የሚፈልግ ገዢ አለና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጣጩን ለማንሳት ጆንያ ውስጥ ማሸት ይሠራል፣ በእጅ የሚዞር ከበሮ ግን ያማረ ያወጣል። ቀለም የሚባል ነገር ጨርሶ አትንኩ። እርድን ለማድመቅ ባንዳንድ አገር የተጨመረው ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት መርዝ ነው።

እንዲፈጭ አትቸኩሉ። ዱቄት ሲሆን ገዢው ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅም፣ ይጠራጠራል። ሙሉውን በአዲስ ጆንያ ሞልታችሁ፣ ብርሃን በማይገባበት ቤት፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ከተለያዩ ጆንያዎች ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ ገዢ ደህና ብር የሚከፍለው እርዱን ቢጫ ለሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ለኩርኩሚን መጠኑ ነው፣ እናንተም ቁጥሩን ይዛችሁ ተደራደሩ።