የድሮ የሚና ጨዋታዎችን በአዲስ ኮምፒውተር እንዴት መጫወት ይቻላል?

ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ከሚጫወታቸው የሚና ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ባልዱርስ ጌት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ፕሌንስኬፕ ቶርመንት ደግሞ በ1999። ዛሬም የከፈታቸውን ሰው እንደ ትልቅ ልቦለድ ሌሊቱን ይዘውት ያድራሉ። ጨዋታዎቹ እንደተሠሩ ናቸው፤ የተለወጠው ኮምፒውተሩ ነው። ሥራችን ሁለቱን ማስታረቅ ነው። የምጽፈው ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ነው።

1. ቅጂውን ምረጡ

ባልዱርስ ጌትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የታደሰ እትም እመክራለሁ። በሰፊ ስክሪን ላይ ያለ ምንም ጥገና ይሠራል፤ ምስሉን ማቅረብና ማራቅም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታደሰው ዲያብሎ ሁለትም በጣም የተሳካ ነው። አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ አዲሱ ሥዕል ይገፈፍና የ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሥዕል ከሥሩ ብቅ ይላል። የሠሩት ሰዎች ለአሮጌው ሥራ የነበራቸው አክብሮት በዚህች አንዲት ቁልፍ ላይ ይታየኛል።

መታደስ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የታደሰው ኦብሊቪየን ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታና ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የ2006ቱ በአንድ ዲቪዲ ተሸጧል። ኮምፒውተራችሁ መጠነኛ ከሆነ አሮጌውን ያለ ቅሬታ ተጫወቱ። ሞሮዊንድን ለሚወዱ ደግሞ ኦፕን ኤምደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የጨዋታውን የራሱን ፋይሎች ወስዶ በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳል።

2. የድሮውን ሲዲ ለማስታወሻ አስቀምጡት

አንዳንዶቹ የድሮ ሲዲዎች ጨዋታውን የሚጭኑት በ16 ቢት ፕሮግራም ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ይህን ጨርሶ አይከፍትም። ሴፍዲስክ በሚባለው የቅጂ መከላከያ የታሸጉትም ዊንዶውስ 10 ላይ አይነሡም፤ መከላከያው የሚፈልገው ድራይቨር ለደኅንነት ሲባል ቀርቷልና። ከዚህ ጋር ከመታገል ከዲጂታል መደብር መግዛት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ጎግ የድሮ ጨዋታዎችን ለዛሬ ኮምፒውተር አስተካክሎ፣ ያለ ቅጂ መከላከያ በመሸጥ ይታወቃል።

3. የምትጭኑበትን ቦታ ራሳችሁ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ያቀርብላችኋል። እሺ አትበሉት። በሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ «ጨዋታዎች» ወይም የፈለጋችሁትን ስም የያዘ ፎልደር ክፈቱና እዚያ ጫኑ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የያኔ ጨዋታዎች የደረሳችሁበትን ታሪክ የሚያስቀምጡት ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ተራ ፕሮግራም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። አሮጌ ፕሮግራም ልጻፍ ሲል ዊንዶውስ አይከለክለውም፤ ጽሑፉን በስውር ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል። ቦታውም በተጠቃሚው ስም ከተሰየመው ፎልደር ውስጥ፣ «አፕዳታ» ከዚያም «ሎካል» ሥር የሚገኘው «ቨርቹዋል ስቶር» ነው። «አፕዳታ» ደግሞ ከዓይን የተሰወረ ፎልደር ነው። ጨዋታው ሲያነብም ከዚያው ስለሚያነብ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል።

አንድ ቀን ግን ጨዋታው ይንተባተብና «እንደ አስተዳዳሪ ክፈተው» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። እንደ አስተዳዳሪ የተከፈተ ፕሮግራም አይዞርም፤ የሚያየው እውነተኛውን ፎልደር ነው። እዚያ ደግሞ ምንም የለም።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አርባ ሰዓት ያህል የተጫወትኩት ታሪክ ነበረኝ። በዚያ ምክር መሠረት ከፈትኩት፤ የተቀመጡ ጨዋታዎች ዝርዝር ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ጠፋ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ፤ በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሩን አጽድቼ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ። ታሪኬ ግን አልጠፋም ነበር። «ቨርቹዋል ስቶር» ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኝ የነበረውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጨዋታውን እንደጫናችሁ ለአምስት ደቂቃ ተጫወቱ፣ አስቀምጡ፣ ውጡ። ከዚያ በፋይል ማሰሻው አሁን የተጻፈውን ፋይል በዓይናችሁ ፈልጋችሁ አግኙት፤ ሰዓቱን አመሳክሩ። ቦታውን ካወቃችሁ በኋላ በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ቀላል ነው። የታደሰው ባልዱርስ ጌት «ዶክመንትስ» ውስጥ ስለሚያስቀምጥ በዚህ በኩል አያሰጋም።

4. ምስሉን አስተካክሉ

የመጀመሪያው ባልዱርስ ጌትና ፎልአውት የተሣሉት በ640 በ480 ፒክስል ነው። ለሰፊ ስክሪን የሚያስተካክላቸው ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው በጨዋታው ላይ የሚጨምሩት ማሻሻያ) ሞልቷል፤ ነገር ግን የስክሪኑን ሙሉ ልክ አትስጡት። ብትሰጡት ገጸ ባሕርያቱ ጉንዳን ያክላሉ፣ ጽሑፉም አይነበብም። መካከለኛ ልክ መርጣችሁ ስክሪኑ እንዲያጎላው ተዉት። ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ አይክፋችሁ፤ ተለጥጦ ፊቱ ከተንጋደደ ምስል ይሻላል።

ቀለሙ ከተዘበራረቀ ወይም ስክሪኑ ከጠቆረ ዲጂ ቩዱ 2 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ሞክሩ። ፋይሎቹን ጨዋታው ባለበት ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

5. ፍጥነቱን ገድቡ

የድሮ ጨዋታ የራሱን ሰዓት ከምስሉ ፍጥነት ጋር የሚያስርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስታር ዋርስ ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ለዚህ ይጠቀሳል፦ ምስሉ በሴኮንድ ከ60 ጊዜ በላይ ሲቀያየር፣ ውጊያው ካለቀ በኋላ ገጸ ባሕርይዋ በቆመችበት ተተክላ ትቀራለች። የምስሉን ፍጥነት ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ቪሲንክ አብሩ፤ ስክሪናችሁ ከ60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ) በላይ ከሆነም ወደ 60 አውርዱት።

6. ሞድ ካስፈለገ ከመጀመራችሁ በፊት ጫኑ

መሐል ላይ የተጨመረ ሞድ የተቀመጠውን ጨዋታ ሊያበላሽ ይችላል።

7. መመሪያውን አንብቡ፣ ከዚያ ጀምሩ

እነዚህ ጨዋታዎች የተሠሩት መመሪያውን ያነበበ ሰው ይጫወታቸዋል ተብሎ ነው። ለምሳሌ በባልዱርስ ጌት የመከላከያ ቁጥራችሁ ሲቀንስ ነው የምትጠነክሩት፤ ይህን የማያውቅ ሰው ጥሩውን ጥሩር ሸጦ መጥፎውን ይለብሳል። ጨዋታው ከሚጀምርበት ግንብ፣ ከካንድልኪፕ፣ በር ከመውጣታችሁ በፊትም በአዲስ ስም አስቀምጡ። የአንደኛ ደረጃ ጠንቋይ የሕይወት ነጥብ ከ6 አይበልጥም፤ ከግንቡ ውጪ የሚያጋጥማት አንድ ተኩላ ይበቃታል።