ኤሲው ይነፍሳል፣ አይቀዘቅዝም፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

መጋቢት ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ስልኬ አያርፍም። የሚደውለው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ኤሲው ይነፍሳል፣ ግን አይቀዘቅዝም። ጋዝ ይዘህ ና።» ጋዙን ይዤ እሄዳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳልነካው ይዤው እመለሳለሁ። ጥፋቱ አውትዶሩ (ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ክፍል) ውስጥ የተቀመጠች፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ የምታክል ዕቃ ላይ ነው፤ ኃይል አጠራቅሞ ሞተር የሚያስነሳው ካፓሲተር ላይ።

ፊልተር ማጠብ፣ ሪሞቱን ማየት፣ ብሬከር መፈተሽ ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። የምጽፈው ኢንቨርተር (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት በቦርድ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) ላልሆነው ተራ ኤሲ ነው። ኢንቨርተር ከሆነ አትክፈቱት፤ ቦርዱ ላይ ያለው ኃይል መብራት ከጠፋ በኋላም ሰው ይመታል።

ምልክት፦ አውትዶሩ «እምምም» ብሎ ዝም ይላል

ውጡና አጠገቡ ቆማችሁ አዳምጡ። ፋኑ ይዞራል። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ጥቂት ሰከንድ ያጉረመርማል፣ «ጠቅ» ይላል፣ ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። ኮምፕረሰሩ ለመነሳት የካፓሲተሩን ግፊት ይፈልጋል። ግፊቱ ሲደክም መዞር ያቅተዋል፤ ከባድ ከረንት ይስባል፤ ይግላል። ከዚያ የራሱ መከላከያ ይቆርጠዋል። እንዲህ እያለ ሳምንት ካከረማችሁት ግን የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። ያን ጊዜ የካፓሲተር ወጪ የኮምፕረሰር ወጪ ይሆናል።

ምልክት፦ ኮምፕረሰሩ ይሠራል፣ ፋኑ ቆሟል

በወንፊቱ በኩል ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ፋኑን ገፋ አድርጉት። ዞሮ ከቀጠለ የፋኑ ካፓሲተር ደክሟል። በእንጨት ሲገፋም የሚከብድ ከሆነ ሞተሩ ነው። እንጨት አልኩ፣ ጣት አላልኩም! አንድ ረዳቴ በጣቱ ሞክሮ ጥፍሩን ትቶ ነው የተመለሰ።

የጋዙ ነገር

ቤት የሚያከራዩ እናት ነበሩ፤ በአንድ ዓመት ሁለቴ ጋዝ አስሞልተዋል። «እትዬ፣ ጋዝ እኮ አያልቅም» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ቡታጋዙስ ያልቃል አይደል?» አሉኝ። ቡታጋዝ ይነዳል፤ የኤሲ ጋዝ ግን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከቀነሰ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ የዘይት ቅባት ፈልጉ። እሳቸው ጋ ቅባት የለም። ያለው አውትዶሩን «ዝናብ እንዳይመታው» ብለው የጠቀለሉበት ሸራ ነው። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ካፓሲተሩን አብስሎታል። አውትዶር ለዝናብ ነው የተሠራው። ሸራ፣ ጆንያ፣ የታጠበ ልብስ አትከምሩበት።

አቀያየሩ

በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ብሬከሩን አውርዱና በፕላስተር እሰሩት። ፍኖተ ሰላም ላይ እጄ ውስጥ እያለ ዘበኛው «መብራት ጠፍቶ ነው መሰለኝ» ብሎ ብሬከሩን አንስቶብኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የብሬከር ሳጥኑን ቁልፍ ኪሴ ካልጨመርኩ ክዳን አልከፍትም።

ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ባለሦስት እግር ካፓሲተር ላይ ሲ (C)፣ ፋን (FAN) እና ኸርም (HERM) የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሲ የጋራው፣ የመጨረሻው የኮምፕረሰሩ ነው። የሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ከእናንተ በፊት ማን እንደቀያየረው አይታወቅም።

ካፓሲተሩ መብራት ጠፍቶም ኃይል ይይዛል። ክር ያለው የድሮ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አውጡና መጀመሪያ ሲን ከኸርም፣ ቀጥሎ ሲን ከፋን ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። በካቻቪቴ ማጋጨት ይቅር። የእኔ ካቻቪቴ ጫፍ ላይ ያለው ጉርድ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

አናቱ ካበጠ ሳትለኩ ጣሉት። ካላበጠ ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) በሚያነብ ቴስተር ለኩ። 35 ተብሎ ±5% ከተጻፈበት፣ ከ33 በታች ካነበበ አልቆለታል። የእትዬ 19 ነበር።

ስትገዙ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፤ ቮልቱ ከአሮጌው አይነስ። አብዛኛው 450 ነው። ነጋዴው «መብራታችን 220 ነው፣ ባለ 250 ይበቃሃል» ይላል። አይበቃም። ካፓሲተሩ ከሞተሩ ጥቅልል ጋር ስለሚሠራ በላዩ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከመስመሩ ይበልጣል። በእጃችሁም መዝኑት። ቅልል ያለ ካፓሲተር ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ድረስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይዤ ሄጄ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በመጋዝ ስከፍተው ትልቁ ጣሳ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር ቁጭ ብሏል፤ የቀረው ሙጫ ነው። ሌባ!

ከገጠማችሁ በኋላ ሩብ ሰዓት አሠሩት። ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ማላብ አለበት። በአዲሱም ካጉረመረመ ኮምፕረሰሩ ተይዟል፤ ለባለሙያ ስጡት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲውን ከማብራታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ጠብቁ። የሚያዘገይ መከላከያ ከገዛችሁ የኤሲ ግዙ፤ የፍሪጁ ይቀልጣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ ጉንዳን ኮንታክተሩ (ለኮምፕረሰሩ ኃይል የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ) ውስጥ ገብቶ ይጠበሳል፤ ብሬከሩን አውርዳችሁ ጥረጉት። ውሃ ቤት ውስጥ ካንጠባጠበ ማፍሰሻው ተደፍኗል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳር ውርጭ ኤሲውን ለማሞቂያ የምትጠቀሙ፣ አውትዶሩ በረዶ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆምና እንደ ጭስ ያለ እንፋሎት ቢያወጣ ብልሽት አይደለም። በረዶውን እያቀለጠ ነው። አንድ ጋሼ ሊያግዙት ብለው የፈላ ውሃ ደፍተውበታል።

አሮጌውን ካፓሲተር ደጅ አትጣሉት። እትዬ ቤት ነቅዬ በማርከር «19» ብዬ የጻፍኩበት፣ ከወራት በኋላ ሌላ ሰፈር ተገጥሞ አገኘሁት። ባለቤቱ «አዲስ ነው፣ ገና አሁን ነው የገዛሁት» ይለኛል።