በስብሰባ ሆቴሎች የሚደጋገሙ የሥነ ምግባር ስህተቶች

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ሥልጠናውም ግምገማውም እዚህ ይመጣል። የሆቴል ሥራ አስኪያጅም የሚፈተነው በምሳ ሰዓት፣ ሳህን ሲቆጠር ነው።

ያልበላ ሰው ደረሰኝ ላይ መጻፍ

አዘጋጁ ለ50 ሰው አዳራሽ ይይዛል፤ የሚመጣው 38 ነው። በመጨረሻው ቀን ጠጋ ብሎ «የ50 ቁረጥልኝና ልዩነቱን በእጄ» ይላል። ጀማሪው ሥራ አስኪያጅ «ገንዘቡ የእኔ አይደል፤ ደንበኛ ከማጣ» ብሎ ይስማማል። እስቲ ያስላው! ለአንድ ሰው በቀን 600 ብር ቢሆን የ12 ሰው የ5 ቀን 36,000 ብር ነው። ሆቴሉ ላልሸጠው ምግብ 5,400 ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስመዘግባል፤ ዓመቱ ሲዘጋም የመለሰው ብር ገቢ ተብሎ ግብር ይጠየቅበታል። የባሰው ወጥ ቤቱ ነው። የደረሰኝ ማሽኑ 50 ካለ የስቶር ወጪም ለ50 መስተካከል አለበት። ስለዚህ ስቶር ኪፐሩም፣ ሼፉም፣ ካሸሯም ነገሩን ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር የሚወጣ ሥጋ ቢያዝ ማን ማንን ይቆጣል?

በየቀኑ ቁጥር ያለው የምሳ ኩፖን ይታደል፤ ማታ አዘጋጁና ሆቴሉ ቆጠራው ላይ ይፈርሙ። ሰው ቀርቶ ሆቴሉ እንዳይከስር ከተፈለገ «ቢመጡም ባይመጡም የ45 ሰው ይከፈላል» ብሎ አስቀድሞ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ይህ ንጹህ ንግድ ነው፤ ለማንም በእጅ የሚመለስ የለውም።

ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ እጅ መቀበል

ዋጋ ለማወዳደር የሚሰበሰቡትን ሦስት ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች) አንድ አቅራቢ ራሱ ይዞ ከመጣ ውድድር የሚባል ነገር የለም። አንዳንዴ የፊደል ግድፈታቸው እንኳ አንድ ነው። ፕሮፎርማ ሰብሳቢው፣ መራጩና ዕቃ ተረካቢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ።

የተሰበረ ብርጭቆ ከደመወዝ መቁረጥ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። «ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው» የሥራ ደንብ አይደለም።

የአስተናጋጆች ቲፕ ሳጥን ቁልፍ አለቃው ኪስ ውስጥ መዋሉ

አይሆንም፣ በቃ።

ዘመድ መቅጠር

ችሎታ ካለው ይቀጠር፤ ደመወዙ እንደ ሌላው ይሁን። እህት ካሸር ሆና ወንድሟ የቀኑን ሒሳብ የሚረከብ ከሆነ ግን ያ ሒሳብ እንዳልተቆጠረ ይቁጠሩት።