ለሱስ፣ ለመጠለያና ለሕክምና በአካባቢዎ ድጋፍ የሚያገኙት እንዴት ነው?

ከሱስ ለመላቀቅ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ነው። አንዱ «መጀመሪያ ሱሱን ተው» ይለዋል። ሌላው «አድራሻ የለህም» ብሎ ይመልሰዋል። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝለታል፤ መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ቤት ግን የለውም። ሱሱ፣ ቤት ማጣቱና ሕመሙ እንዲህ አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ቋጠሮውን ለመፍታት ሦስቱንም ጉዳይ አብሮ የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ለራስዎም ይሁን ለሚወዱት ሰው ድጋፍ ሲፈልጉ ዓይንዎ እዚህ ላይ ይሁን።

1. ከማቆም በፊት ሐኪም ያማክሩ

ይህን የማስቀድመው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው አልኮልን በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርግ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒኖችን በድንገት ማቆምም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ምልክቶቹ ከታዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሄሮይንንና ሞርፊንን በመሳሰሉት ላይ ደግሞ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከተዉ በኋላ ነው። ጥቂት ጊዜ ያረፈ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም። ሰውየው አገርሽቶበት የለመደውን ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን ስለ ናሎክሶን ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለውን መመረዝ የሚቀለብስ መድኃኒት ነው። የእነዚህን ዕፆች ሱስ ለማከም በሐኪም ስለሚሰጡት ስለ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንም ይጠይቁ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሁለቱም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ብዙ ሰው በሕይወት ቆይቶ እንዲያገግም ረድተዋል።

2. ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ) ይፈልጉ

መጀመሪያ የሄዱበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውስጥ «ሶሻል ወርከር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ የመድኃኒት ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ያሳዝናል፤ የትኛው መጠለያ ቦታ እንዳለው፣ የትኛው ማዕከል በነጻ እንደሚያክም፣ ለማን ደብዳቤ እንደሚጻፍ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ይህ ባለሙያ ነውና። እዚያ ከሌለ የአካባቢዎን አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይሞክሩ። የእምነት ተቋማትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አሉ።

የመረዳጃ ቡድኖችን አይርሱ። ለመጠጥ ሱስ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ናርኮቲክስ አኖኒመስ አሉ፤ የመጀመሪያው በ1935፣ ሁለተኛው በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ናቸው። የአባልነት ክፍያ የለም። ለመግባት የሚጠየቀው የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መንገዱ ባይስማማዎት እንኳ አንድ ስብሰባ ላይ ይገኙ። የአካባቢውን ማዕከላት በር ያንኳኩ ሰዎች እዚያ አሉ። የትኛው ሰውን በክብር እንደሚይዝ ይነግሩዎታል። ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል የራሱ ቡድን አለ።

3. የዛሬን ማደሪያና የነገን ቤት ይለዩ

ለዛሬ ማታ የሚያስፈልገው የድንገተኛ መጠለያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች አብረው የሚኖሩባቸው ቤቶችና ቋሚ መኖሪያ የሚያመቻቹ ፕሮግራሞች ይመጣሉ። ለሁሉም በአንድ ቀን ይመዝገቡ፤ የቋሚው ወረፋ ረጅም ነው።

«ካላቆምክ ቤት የለም» ከተባሉ የመጨረሻ መልስ አድርገው አይውሰዱት። በ1992 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ «ቤት ይቅደም» የሚል አሠራር ተጀመረ። ሰውየው መጀመሪያ ቤት ያገኛል፤ ሱሱንና ሕመሙን ከዚያው ሆኖ ይታከማል። ፊንላንድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገር ፖሊሲ አድርጋዋለች። በአካባቢዎ ይህን የሚከተል ድርጅት መኖሩን ይጠይቁ።

4. ስልኩን ደብተር ይዘው ይደውሉ

እነዚህን ይጠይቁ፦ «ዛሬ ቦታ አላችሁ? ከሌለ ወረፋ አስገቡኝ፤ በየስንት ቀኑ ልደውል? ክፍያው ጠቅላላ ስንት ነው? ሐኪም በቦታው አለ? የምወስደውን መድኃኒት እንድቀጥል ትፈቅዳላችሁ?» ለሴት ወይም ልጅ ይዞ ለሚመጣ ቦታ መኖሩንም ይጠይቁ። «አንችልም» ካሉ ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት «ታዲያ ማን ይችላል?» ይበሉ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ባዶ እጅ አይመልስምና። ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ።

«መቶ በመቶ እናድናለን» ከሚል፣ ዋጋውን ከሚደብቅ፣ ታካሚ ከሚያስር ወይም ከሚመታ ቦታ ይራቁ። የኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አስጥሎ የሚያስገባም ተቋም አይጠቅምዎትም።

5. ወረቀትና ምርመራ

መታወቂያ፣ የሕክምና ወረቀትና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ ፌስታል ይሁኑ። ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ። መታወቂያ ከጠፋ ምትኩን ዛሬ ይጀምሩ።

በመርፌ ይወስዱ ከነበረ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ (ጉበትን የሚጎዳ በሽታ) ምርመራ ይጠይቁ። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ይድናል። ብዙ ይጠጡ ከነበረ ደግሞ ስለ ቫይታሚን ቢ1 ያንሱ፤ እጥረቱ አንጎልን ይጎዳል።

6. ወረፋ ሲጠብቁና ሲያገረሽ

በሚጠብቁበት ጊዜ ተመላላሽ ሕክምናውንና ስብሰባውን ይቀጥሉ። ቢያገረሽብዎ ከወረፋው አይውጡ፤ በዚያው ቀን ለዚያው ሰው ደውለው እውነቱን ይንገሩ። ባለሙያዎቹ ይህን ብዙ ጊዜ አይተውታል፤ ሕክምናውን ያስተካክሉታል።

ይህን የሚያነቡት ለሌላ ሰው ከሆነ አድራሻ ብቻ ሰጥተው አይላኩት። እሺ ካለ አጠገቡ ሆነው ይደውሉ። በቀጠሮው ቀን አብረውት ይሂዱ፤ ስሙ እስኪጠራም አብረውት ይቀመጡ።