«ነግሬዋለሁ እኮ!» እና ሌሎች የአከራይ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ውልና ማመልከቻ እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ራፖር ጸሐፊ የሚሉን እኛን ነው። ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጠው ሰው ግማሹ የኪራይ ጣጣ ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። በዚያ ዓመት መጋቢት 24 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጸደቀ፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ያነበበው ጥቂት ነው፣ የሚጠቅሰው ግን አገር ምድሩ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ «ነግሬዋለሁ እኮ!» የሚባለው ነገር ነው።

ለማን ነገሩት? መቼ? ማን ሰማ? ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጡ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አላቸው፣ የተከራየው ወጣት መምህር ነው። ኑሮ ተወደደና ዋጋ ሊጨምሩ አሰቡ። ጥሩ። እንዴት አስታወቁት? ግንቦት ላይ ቡና ሲጠጡ ለሚስቱ ነገሯት። «ከሚካኤል ጀምሮ በአዲሱ ሒሳብ ነው፣ ለባልሽ ንገሪው» አሏት፣ አለቀ። እሳቸው ያሉት ሰኔ ሚካኤልን ነው፣ ደጅ ላይ የቆመውን። ባልና ሚስት ደግሞ የገባቸው ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ምክንያቱም ውላቸው ዓመት የሚሞላው ኅዳር ላይ ነው። ሰኔ አለፈ፣ መምህሩ በድሮው ዋጋ ከፈለ። ሐምሌም እንደዚያው። እትዬ ተናደዱና መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉበት። እሱ አቤቱታ ሊያጽፍ፣ እሳቸው ማስጠንቀቂያ ሊያጽፉ፣ በአንድ ጠዋት እኔው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ!

«እትዬ፣ ስለ ጭማሪው እሱ የፈረመበት ወረቀት አለ?» አልኳቸው።

«ኧረ እንደ ልጄ ነው የሚኖረው፣ ምን ወረቀት አለ በመካከላችን!»

እንግዲህ ይህን ነው በሳምንት ሦስት ጊዜ የምሰማው። ዋጋ ሲቀየር፣ የውሃና የመብራት አከፋፈል ሲቀየር፣ ሕግ ተለውጦ ውሉን የሚነካ ነገር ሲመጣ፣ በጽሑፍ አስታውቁ። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ቅጂ አድርጉና በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ባለበት ስጡትና ምስክሮቹ ይፈርሙ። የቡና ላይ ወሬ ዳኛ ፊት ሲደርስ «ብላለች»፣ «አላለችም» ነው የሚሆነው፣ እኔ ስንቱን አየሁት። መብራት ማጥፋትማ ማስታወቂያ አይደለም፤ ራስን በገዛ እጅ ተከሳሽ ማድረግ ነው።

ደርሶኛል ብሎ ፈረመ ማለት ግን ያሻችሁን ጨመራችሁ ማለት አይደለም። ውሉ ሳያልቅ ዋጋውን ብቻችሁን መቀየር አትችሉም። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ደግሞ ጭማሪው በዓመት አንዴ ነው፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው አያልፍም።

ሁለተኛው ስህተት ሕጉን ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። «አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ መንግሥት ጨምሩ ብሏል» እያሉ ተከራይ የሚያስደነግጡ አሉ። የት ቦታ ነው ያለው? አዋጁ ጭማሪን ሊገድብ የወጣ ነው እንጂ ጨምሩ የሚል አይደለም። «ግብር በዛብኝና ግማሹን አንተ ቻል» የሚሉም አይጠፉም። የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የአከራዩ ዕዳ ነው፣ ገቢው የእሱ ነዋ።

«ይሄ የአዲስ አበባ ሕግ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚለውና «ቴሌቪዥን ላይ ሰምቻለሁ፣ ለሁሉም ነው» የሚለው ሁለቱም እኩል ያስቸግሩኛል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ቡሬም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳርም ሁኑ ቢቸና፣ ከተማ አስተዳደራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። በቃል «አዎ» ወይም «አይ» ቢሏችሁ አትመለሱ፣ የተጻፈውን አሳዩኝ በሉ። የክልላችን ሕግ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው የሚወጣው። ከተማችሁ ባይካተትም የተፈራረማችሁት ውል አለ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የቤት ኪራይ ክፍል አለው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አዋጁ ከወጣ በኋላ ለወራት የድሮውን ቅጽ ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ ስሞላ ነበር። አዲስ አበባ ቤት ያለው አንድ የሞጣ ሰው መጣና የ6 ወር ውል፣ የ3 ወር ቅድሚያ ክፍያ ብዬ ጻፍኩለት። አከራይቶ ፈረመ፣ ተደሰተ፣ ሊያስመዘግብ ሲሄድ መለሱት። አዋጁ ውሉ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያው ከ2 ወር አይብለጥ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ያውም በራሱ ሞዴል ውል ላይ እንጂ በእኔ ቅጽ ላይ አይደለም። ሰውየው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ «አንተ እያለህ ጠበቃ ለምን ልያዝ ብዬ ነበር» አለኝ። የመጻፊያውን ብር መለስኩለት፣ ትራንስፖርቱን ግን አልቻልኩም። ያን ቅጽ በዚያው ቀን ቀድጄ ጣልኩት።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። የውሉን አንድ ቅጂ ለተከራዩ ስጡት፣ ሳጥን ውስጥ የቆለፋችሁበት ውል የሁለታችሁ አይደለም። ኪራይ በባንክ ይግባ። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲያርፍ፣ ከእንግዲህ ለማን እንደሚከፍል ለተከራዩ በጽሑፍ አሳውቁት፣ አለበለዚያ ሦስት ወራሽ በየተራ መጥቶ ይጠይቀዋል። ተከራዮችም ብትሆኑ ቁልፉን በጎረቤት ልካችሁ ሌሊት በባጃጅ መውጣት ማስታወቅ አይባልም።

የእትዬና የመምህሩ ነገር? መብራቱ በዚያው ቀን ተመለሰ። ጭማሪው ውሉ እስኪያልቅ እንዲቆይ ተስማሙና ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጻፍኩላቸው። «ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ» የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን አዩና «ሚካኤል ብለህ ጻፍበት እንጂ» አሉኝ። ሁለቱንም ጻፍኩት።