የቾሰርን ዘመን እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብ፦ ችግርና መፍትሄ

እንግሊዛዊው ገጣሚ ቾሰር የጻፈበት የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ አልነበብ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዛሬው አነጋገር ስለሚነበብ ነው። ያኔ የተጻፈው ሆሄ በአብዛኛው ይነበብ ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ችግር፦ የግጥሙ ምት ይጎድላል፣ ቤት አይመታም።
ምክንያቱ በቃል መጨረሻ ላይ የምትገኘው «ኢ» የተባለችው ሆሄ መዘለሏ ነው። የዛሬው «ስዊት» በቾሰር ግጥም «ስዌተ» ነው፤ ሁለት ቀለም ይቆጠራል። እንደ ግዕዙ «ተ» ያንብቧት። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ግን ትዋጣለች።

ችግር፦ «ናይት» (ባላባት ጦረኛ) ሲጻፍ የማይነበቡ ሆሄያት ሞልተውበታል።
ያኔ ሁሉም ይነበቡ ነበር፦ «ክኒኽት»። መካከል ላይ ያሉት «ጂ» እና «ኤች» ተጣምረው የእኛን «ኽ» ይሰጣሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቀላል ነው። ድምፁ ሲጠፋ ጽሕፈቱ ቀረ፤ «ንጉሥ» ውስጥ ያለው ሠ ከሰ ባይለይም እንደቆየው ማለት ነው።

ችግር፦ አናባቢው ከጽሕፈቱ ጋር አይገጥምም።
ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ረጃጅም አናባቢዎች አፍ ውስጥ የሚነገሩበትን ቦታ ለወጡ። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ካክስተን ግን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል የጽሕፈቱ ልማድ የቆየውን ድምፅ የያዘ ነበር፣ በኅትመትም እየረጋ ሄደ። ስለዚህ «ታይም»ን «ቲመ»፣ «ኔም»ን «ናመ»፣ «ሃውስ»ን «ሁስ» ብለው ያንብቡ።

ችግር፦ «ላቭ» እና «ሰን» (ልጅ) ለምን በ«ኦ» ተጻፉ?
ጥፋቱ የብዕሩ ነው። በጎቲክ ጽሕፈት (የዘመኑ ጥቅጥቅ ያለ የእጅ ጽሕፈት) «አይ»፣ «ኤን»፣ «ኤም»፣ «ዩ» ሁሉም አጫጭር ቀጥ ያሉ ጭረቶች ናቸው። «ሚኒመም» የሚለው ቃል ብቻ 15 ተመሳሳይ ጭረት በተርታ ይደረደርበታል፤ የትኛው ሆሄ የት እንደሚያልቅ ዓይን አይለይም። ጸሐፊዎቹ ጭረት ለመቀነስ በ«ዩ» ፈንታ ክቧን «ኦ» አስገቡ። እንዲህ ባሉ ቃላት አጭር «ኡ» ይበሉ፦ «ሉቨ»፣ «ሱነ»።

ችግር፦ ከስም በፊት «ዪ» የሚመስል ቃል።
ይህ የእንግሊዝኛው «ዘ» (the) ነው። የጥንቷ የ«ዝ» ሆሄ በኋለኛው እጅ ጽሕፈት «ዋይ»ን መስላ ነው። ከግስ ጋር ሲመጣ ግን እውነተኛው «ዪ»፣ ማለትም «እናንተ» ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት የተጻፈ ከሆነ እነዚህ መፍትሄዎች አይበቁም። የዚያ ዘመን ስሞች በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባላቸው ሙያ መጨረሻቸውን ይለውጣሉ፤ መጀመሪያ ሰዋስውን መማር፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት መያዝ ያስፈልጋል።