ሰውነት ላይ የሚወጣ ጭንቀትን እንዴት መለየትና መቆጣጠር ይቻላል

ልብ ይመታል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ጣት ይደነዝዛል። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ የሚሰለፍ ብዙ ሰው ይህን «ብርድ መትቶኝ ነው»፣ «ጨጓራዬ ነው» እያለ ዓመታት ይሸከመዋል። ማብሰልሰሉ አልቆም ብሎ በአብዛኞቹ ቀናት ከ6 ወር በላይ ከቆየና እንቅልፍ ከነሳ፣ ሥር የሰደደ ጭንቀትን ይጠርጥሩ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊት፣ ደም ማነስ፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ይመርመሩ፤ ካስፈለገም ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሱ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፤ ከጭንቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ውጤቱ ደህና ከሆነ በዚያው ይብቃ። ያንኑ ምርመራ በየክሊኒኩ መድገም ለአንድ ቀን ያረጋጋል፣ በማግስቱ ጥርጣሬው ይመለሳል። ከባድ የደረት ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አተነፋፈስ ላይ ነው። ልብ ሲመታ «አየር በደንብ ሳብ አድርግ» ይባላል፤ ይህ ያባብሳል። የተጨነቀ ሰው አየር አላነሰውም። ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ከዚህ የተነሳ ነው። በዚህ ላይ ትልልቅ ትንፋሽ ሲጨመርበት «መሞቴ ነው» ማለት ይጀምራል።

ይቀመጡ፤ ትከሻዎን ይልቀቁ፤ አንድ እጅ ሆድዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ፣ ሳንባዎን ሳይሞሉ፣ 4 እስኪቆጥሩ ያስገቡ፤ የሚነሳው ሆድ እንጂ ደረት አይሁን። ሳይይዙት 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውጡ። ካዞረዎት ብዙ እያስገቡ ነውና ይቀንሱ። ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ፣ ደህና በሆኑበት ሰዓት ይለማመዱት። ጭንቀቱ ሲመጣ ብቻ ለሚሞክረው ሰው አይሠራም፤ ሰውነቱ አልለመደውማ። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ አደገኛ ነው፤ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ቡና ልብ ያስመታል፤ ግን በአንዴ ማቆም ራስ ምታት ስለሚያመጣ በየጥቂት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። ጫት ይቅር።

ታክሲ ከፈሩ መሸሹ ፍርሃቱን ያሳድገዋል። አንድ ፌርማታ ይጀምሩ፤ ፍርሃቱ ረገብ እስኪል አይውረዱ፤ ከዚያ ርቀቱን ይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ከጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጡት አማኑኤል ወይም ኢካ ኮተቤ ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ሳያድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የንግግር ሕክምና ከተገኘ እጅግ ይረዳል። ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ከጎረቤት ተቀብለው አይዋጡ፤ ሱስ ያስይዛል። ሐኪም ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የሚባሉትን የጭንቀት መድኃኒቶች ካዘዘ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ሊብስ ይችላል፤ ለውጡ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች «አልያዘልኝም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ጸበል የሚጠመቁም መድኃኒቱን አያቋርጡ። ሲሻልዎትም ብዙ ወራት መቀጠል ስላለበት፣ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።